ሆድሽ ጠበበ እንጂ ገና አልጠነከረም

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ወጣሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ልጅ ወልደሽ፣ ተሚ ታክ (የላላ የሆድ ቆዳ ተቆርጦ ሆድ የሚጠብቅበት ቀዶ ጥገና) ካሠራሽ አሥረኛ ሳምንትሽ ነው። ማታ ማታ ሆድሽ ይነፋል። ጂም መመለስ ፈርተሻል። መስታወት ፊት ስትቆሚም የጠበቅሽው ደስታ አልመጣም። እኔም ከሦስተኛ ልጄ በኋላ እዚሁ ቨርጂኒያ አሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ሐኪም አይደለሁም፤ የመጨረሻው ቃል የሐኪምሽ ነው።

እብጠቱ አያስደንግጥሽ። ጠዋት ልክሽ የነበረ ሱሪ ማታ አልዘጋም ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ስትቆሚና ስትቀመጪ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳላ። እስኪረጋጋ ወራት ይፈጃል። ጨው ሲበዛበት ይብሳል። ከእምብርት በታች ያለው መደንዘዝም ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ላይለቅም ይችላል። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ሆድሽ ሲነካ ውስጡ ውሃ ያለ ያህል የሚላወስ ከሆነ ግን ለሐኪምሽ ደውዪ። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ባትሽን ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቀጠሮ ምናምን ሳትዪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የደም መርጋት ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ጂሙ። ሐኪሙ በእርግዝና የተራራቁትን ሁለቱን የሆድ ጡንቻዎች መሃል ላይ አገናኝቶ ሰፋልሽ። ወደ ቦታቸው መለሳቸው እንጂ ሥራ አላስተማራቸውም። ከመጀመሪያ እርግዝናሽ ጀምሮ ሲለግሙ የኖሩ ጡንቻዎች ናቸው። ስለዚህ ከሲት አፕ እንዳትጀምሪ። እግር ጉዞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይታዘዛል። ከበድ ያለ ዕቃ ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ሳምንት ክልክል ነው። የሆድ ስፖርት ደግሞ ብዙዎቹ ሐኪሞች የሚፈቅዱት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ እሱም አይተውሽ።

እኔን ፊዚዮቴራፒስቷ ያስጀመረችኝ በትንፋሽ ነው። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ እጆችሽን ጎድንሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ ስትስቢ ጎድንሽ ወደ ጎን ይከፈት። በአፍሽ ቀስ እያልሽ ስታወጪ የታችኛውን ሆድሽን ሰብስቢ፣ ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽም ከሥር ያዢ። ይኼ ደግሞ ስፖርት ነው እንዴ? ብዬ ስቄ ነበር። ጥቂት እንደደጋገምኩት ላብ በላብ ሆንኩ።

አንድ ምልክት ያዢልኝ። ከአልጋ ስትነሺ ወይም ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) ስትሞክሪ ሆድሽን እዪው። መሃሉ እንደ ዓሣ ጀርባ ሾጠጥ ብሎ ብቅ ካለ ጭነቱ በዝቶብሻል። ወደ ቀላሉ ተመለሺ። ልጅ ስታነሺም መጀመሪያ ትንፋሽሽን አውጪ፣ ከዚያ አንሺ። ትንሹ ልጅሽ ሶፋ ላይ ወጥቶ ራሱ ይምጣልሽ፣ አንቺ መጎንበስ የለብሽም።

ሌላም የምናፍርበት ነገር አለ። ስናስነጥስ ሽንት ጠብ የሚልብን ስንቶቻችን ነን? ሆድ ስለተሰፋ ብቻ ይቀራል ማለት አይደለም። በዳሌ ሥር ጡንቻ ላይ የሚሠሩ ፊዚዮቴራፒስቶች አሉ፣ ወደ እነሱ እንዲልክሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ወልጃለሁና እንዲህ ሆኜ ልኑር ብለሽ አትቀመጪ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሆድ ደግፎ የሚይዘውን ኮርሴት ሐኪምሽ ይብቃሽ እስኪል ልበሺ። (እናቴ አገላብጣ አየችውና "ይኼ ታዲያ ከአራስ መቀነት በምን ተሻለ?" አለችኝ።) ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ጾም ላይ ከሆንሽ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሽምብራውን ጠንከር አድርጊው፣ የንስሐ አባትሽንም አማክሪ። የእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ጠባሳ ለማበጥና ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) ለመሆን ይቸኩላል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ስለ ሲሊኮን ፕላስተር ጠይቂ። እስኪደበዝዝ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል በየቀኑ አትመርምሪው።

የራስ መተማመኑ ነገር ግን መስታወት ውስጥ የሚገኝ አልመሰለኝም። ሠርግ ቤት "ውይ፣ እንዴት አማረብሽ!" ሲሉኝ እንኳ ከቀሚሴ ሥር ሆዴን እየሳብኩ ነበር። ከቀዶ ጥገናው በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ስቅለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በዓመቱ ግን ሰገድኩ። ወርጄ ግንባሬ መሬት ነካ፣ በእጄ ገፋ አልኩ፣ ተነሣሁ። እንደገና። ማታ እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ ሆዴ ግን አልከዳኝም። ያን ቀን ሆዴ ምን ይመስላል ብዬ አንዴም አላሰብኩም። ለአንቺ ስግደት ላይሆን ይችላል። ልጅ ማዘል ይሆናል፣ ደረጃ መውጣት ይሆናል፣ እስክስታ ይሆናል። ሰውነትሽ እንዲችልልሽ የምትፈልጊውን አንድ ነገር ምረጪና እሱን እያሰብሽ ሥሪ።

ማሠራትሽን ለዘመድ አዝማድ የማስረዳት ግዴታ የለብሽም። ጂም ነው በያቸው ከፈለግሽ፣ እኔ አልፈርድም። ግን ቢያንስ አንድ የምታምኚው ሰው ይወቅልሽ። የከፋሽ ስሜት ሳምንታት አልፈውም ካልለቀቀሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላሽ፣ እሱንም እንደ ቁስሉ ለሐኪም ንገሪ።

በሚቀጥለው ቀጠሮሽ "ስፌቴ አሁን ስንት ኪሎ ይችላል? የትኛው እንቅስቃሴ ነው የተከለከልኩት?" ብለሽ ጠይቂና መልሱን ወረቀት ላይ አጽፊው። ምን እንዳለሽ ንገሪኝ፣ ከዚያ የሳምንቱን አብረን እናወጣለን።