ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰራው ለማን ነው?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሶስቱም ጥያቄዎች አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ከስቶዲያን (የህንጻ ጽዳትና እንክብካቤ ሰራተኛ) ሆነው ከሚሰሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው፣ በዚህ ስራ ያሉ ወገኖች ብዙ ስለሆኑ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አንድ ኤለመንተሪ ትምህርት ቤት የማታ ሺፍት ከስቶዲያን ነኝ። አዲሱ ሱፐርቫይዘራችን ኢነርጂ ቆጥቡ የሚል ወረቀት በየቦታው ለጥፏል፣ እንዴት የሚለውን ግን አልነገረንም። ቴርሞስታቶቹ አብዛኞቹ ከኮምፒውተር ነው የሚታዘዙት፣ እኛ ብንነካቸው ምንም አይሉም። አስተማሪዎቹ ጠዋት በረደን ይላሉ፣ ከሰአት ሞቀን ብለው መስኮት ይከፍታሉ፣ እኔ ስገባ ሂተሩም እየሰራ መስኮቱም ክፍት ሆኖ ነው የማገኘው። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ደሞ በየክፍሉ መስኮት ስር ያለውን ረጅም የብረት ሳጥን አየር ማስገቢያውን በካርቶን እንድፈነው፣ ብርዱን የሚያስገባው እሱ ነው ይላል። እውነቱን ነው እንዴ?

መልስ፦ እህቴ ከካርቶኑ ልጀምር፣ በፍጹም እንዳትደፍኑት! ያ ሳጥን ዩኒት ቬንቲሌተር ይባላል፣ የውጪ አየር ማስገባት እኮ ስራው ነው። በግድግዳው በኩል ንጹህ አየር ይስብና ከክፍሉ አየር ጋር ቀላቅሎ፣ በፊልተር አሳልፎ፣ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ኮይል ላይ አሙቆ ነው የሚለቀው። የሚለቀው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ሙቅ ውሃው በደንብ አልደረሰም ወይ ዳምፐሩ፣ ማለትም የውጪውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ክዳን፣ ተበላሽቷል፣ እሱ ይጠገናል እንጂ አይደፈንም። አሽሬይ የሚባለው የኢንጂነሮች ማህበር ለክላስሩም ያስቀመጠው መስፈርት ለአንድ ሰው በደቂቃ 10 ኪዩቢክ ፊት የውጪ አየር ነው፣ በዛ ላይ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት ወለል 0.12 ይጨመራል። 25 ሰው ያለበት 900 ስኩዌር ፊት ክፍል በደቂቃ ወደ 358 ኪዩቢክ ፊት ይፈልጋል ማለት ነው። ያንን በካርቶን ስትዘጉት ልጆቹ የተነፈሱትን መልሰው እየተነፈሱ ይውላሉ፣ ከምሳ በኋላ ለሚያንቀላፋው ልጅ ደሞ ሰነፍ የሚል ስም ይወጣለታል።

ታዲያ ቁጠባው ከየት ይመጣል ብትይ፣ ከአየሩ ሳይሆን ከሰአቱ ነው። ሳምንት 168 ሰአት አለው። ልጆቹ በቀን 7 ሰአት ቢቆዩ 35 ነው፣ አፍተር ስኩሉንም የናንተንም ሺፍት ጨምረሽ 70 በይው፣ የቀረው ወደ 100 ሰአት የሚሆነው ህንጻው ባዶ ነው። ባዶ ህንጻ 70 ዲግሪ ፋራናይት ማሞቅ ወንበርና ጠረጴዛ ማሞቅ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስኬጁል አለ፣ ማታ ሙቀቱን ወደ 60 ምናምን አውርዶ ዳምፐሩንም እንዲዘጋ የታሰበ ነው፣ ግን አንዴ ለባስኬትቦል ተብሎ እስከ ማታ 10 ፒኤም የተለወጠ ነገር ማንም ሳይመልሰው የብርዱን ወራት በሙሉ ሊሄድ ይችላል። ይሄንን ቢሮ የተቀመጠ ሰው አያየውም፣ ማታ እዛ ያለሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ስታጸጂ እግረ መንገድሽን እጅሽን ሳጥኑ ላይ አድርጊና ሰው በሌለበት የህንጻው ክንፍ የትኛው ክፍል እየነፋ እንደሆነ፣ ስንት ሰአት ላይ እንደሆነ ጻፊ። ጂም ውስጥ ፕሮግራም ሲኖርም የጂሙ ዞን ብቻ ይበራ እንደሆነ ወይስ ህንጻው በሙሉ እንደሆነ እዪ። የምታጸጂበት ክንፍ ግን አንቺ እስክትጨርሺ ይሙቅ፣ ቁጠባ ሲባል ጃኬት ለብሶ ሞፕ መግፋት አይደለም፣ ስኬጁል የሚሞሉት ሰዎች ይሄን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

መስኮት ተከፍቶ ሂተር የሚሰራበት ክፍል ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንደኛው የሙቅ ውሃው ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ነክሶ ቀርቶ ይሆናል፣ ያኔ ቴርሞስታቱ በቃ ቢልም የሚሰማው የለም። ሁለተኛው ቴርሞስታቱ ራሱ ተታሎ ነው፣ ከበሩ ብርድ ንፋስ በቀጥታ እየመታው ከሆነ ክፍሉ በሙሉ የበረደ ይመስለዋል፣ ጸሀይ ወይ ፕሪንተር እያሞቀው ከሆነ ደሞ በተቃራኒው። ዎርክ ኦርደር፣ ማለትም የጥገና ጥያቄ፣ ስትጽፊ "ሞቀን" ብቻ ካልሽ ሰውዬው መጥቶ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል፣ "ክፍል 112፣ ቴርሞስታቱ 68 ላይ ሆኖ ክፍሉ 77 ደርሷል፣ ኮይሉ አሁንም ትኩስ ነው" ብለሽ ከጻፍሽ ግን ቫልቩን ያየዋል። ቴርሞስታት የሚነኩ አስተማሪዎችም ካሉ 80 ላይ መስቀል ክፍሉን ቶሎ እንደማያሞቀው ንገሪያቸው፣ የሚሞቅበት ፍጥነት ያው ነው፣ ልዩነቱ ማቆሚያውን ማለፉ ነው።

ሌላው ሳጥኑ ላይ የሚከመር መጽሀፍና የእጅ ስራ ነው፣ አየሩ የሚወጣው ከላይ ስለሆነ መከደን የለበትም፣ ከታች በኩል ያለውን ወንፊትም ቫኪዩም አድርጊው። ፊልተር የምትቀይሩት እናንተ ከሆናችሁ ፍሬሙ ላይ ያለው ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ፋኑ መዞር አለበት፣ በጎንና በጎኑ ክፍተት ከቀረ ደሞ አየሩ በዛ ያልፍና ፊልተሩ ለስም ነው። ቆሻሻ ስታወጡ በሩን በእንጨት ደግፎ ሃያ ደቂቃ መክፈት ይቅር። ጠረጴዛ ስር የምታገኚው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሂተር ብዙ ጊዜ 1500 ዋት ነው፣ ለእሳትም ያሰጋል፣ ግን ነቅለሽ ከአስተማሪዋ ጋር እንዳትጣዪ፣ ለሱፐርቫይዘሩ ንገሪ፣ ሂተር ያመጣችው እኮ ክፍሉ ስለበረዳት ነው።

ጥያቄ፦ ሴንት ፖል ሚኒሶታ ሄድ ከስቶዲያን ነኝ፣ ጡረታዬ እየደረሰ ነው። የገና እረፍት ሲመጣ ህንጻውን ምን ያህል ላብርደው? አምና ባልደረቦቼ ሙሉ በሙሉ እናጥፋው ብለው ተከራክረውኛል።

መልስ፦ ጋሼ እርስዎ ልክ ነዎት፣ ሚኒሶታ ላይ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ቧንቧ ማፈንዳት ነው። ብዙ ቦታ የሚያዘው 55 ዲግሪ ነው፣ ግን ቴርሞስታቱ ኮሪደር ላይ 55 ሲያሳይ የሰሜን ማእዘኑ ክፍልና የውጪ ግድግዳ ላይ ያለው ሲንክ ስር ከዛ በጣም ሊወርድ ስለሚችል ቴርሞሜትር ይዘው እነሱን ይዙሩ፣ የሲንኩን ካቢኔት በርም ክፍት ይተዉት። ከመዘጋቱ በፊት የውጪ አየር ዳምፐሮቹ በትክክል መግጠማቸውን በአይንዎ ይዩ፣ ኮምፒውተሩ "ዝግ" ቢልም ሞተሩን ከክዳኑ የሚያገናኘው ዘንግ ተላቅቆ ክዳኑ ክፍት የሚቀርበት ጊዜ አለ። ፍሪዝስታቱ፣ ማለትም ኮይሉን ከበረዶ የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ፣ ፋኑን ካጠፋ ደሞ ሪሴት እየተጫኑ መልሶ ማስነሳት አይገባም፣ ኮይሉ ጋ በረዶ ሊሆን የደረሰ አየር አለ እያለዎት ነው፣ መጀመሪያ ምክንያቱ ይገኝ። የሽንት ቤትና የኪችን ኤግዞስት ፋኖችም ይጥፉ፣ እነሱ ሙቁን አየር በጣራ እያወጡ በየበሩ ስር ብርድ ይጎትታሉ። በሩ ስር ሶፍት ቢይዙ ወደ ውስጥ ሲሳብ ያዩታል።

አንድ የማልደራደርበት ነገር፣ ቦይለር ሩም ውስጥ ብርድ ገባ ተብሎ የግድግዳው አየር ማስገቢያ አይዘጋም። እሳቱ የሚተነፍሰው በዛ ነው፣ ከተዘጋ አገር ቤት በዝግ ክፍል ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ካርቦንሞኖክሳይድ ይመጣል። ወጣቶቹ ባልደረቦችዎ ደሞ ለቦይለር ስፔሻል ኢንጂነር ላይሰንስ ቢፈተኑ ጥሩ ነው፣ ሚኒሶታ ቦይለር ለሚያንቀሳቅስ ሰው ላይሰንስ ትጠይቃለች፣ ለነሱም የእድገት በር ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነኝ። ሰመር ላይ ልጆች የሉም፣ ኤሲውን አጥፍተን ማታ መስኮት ብንከፍት አይበቃም? አዲስ አበባ እኮ እንደዛ ነበር የምናደርገው።

መልስ፦ አዲስ አበባ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ከዝናቡ ወራት ውጪ ደሞ ደረቅ፣ መስኮት ከፍተህ ህንጻውን በነጻ ታበርዳለህ። የሜሪላንድ ጁላይ ግን ማታ ቢቀዘቅዝ እንኳ አየሩ ውሃ ተሸክሞ ነው የሚገባው፣ ያ ውሃ ምንጣፉና መጽሀፉ ላይ ይቀርና ኦገስት ላይ ስትመጣ የመጽሀፍ መደርደሪያው ጀርባ አረንጓዴ ሻጋታ ሆኖ ይጠብቅሃል። ኢፒኤ የሚባለው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ይሁን ይላል፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50። ስለዚህ ኤሲውን አታጥፉት፣ ቁጥሩን ወደ 80 ምናምን ከፍ አድርጉት፣ እርጥበት መለኪያ ግን ርካሽ ስለሆነ ሁለት ሶስት ቦታ አስቀምጡና እርጥበቱ 60 በመቶ ሲያልፍ የኤሲውን ቁጥር አውርዱት። ፋኑ ደሞ "ኦን" ላይ ሳይሆን "ኦቶ" ላይ ይሁን፣ ኦን ላይ ከሆነ ኤሲው ሲያርፍ ፋኑ ኮይሉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል።

የወለሉን አሮጌ ዋክስ የምትልጡትና አዲስ የምትቀቡት በክንፍ በክንፍ አድርጉት፣ አንዱን ክንፍ ብቻ አብርዳችሁ ትጨርሱና ወደ ሌላው ታልፋላችሁ፣ አምስት ሰው አምስት ቦታ ተበትኖ ሲሰራ ግን ህንጻው በሙሉ ይበርዳል። ስትሪፐር (አሮጌውን ዋክስ የሚያነሳውን ኬሚካል) የምትጠቀሙበት ቀን ኬሚካሉ እንዲወጣ የዛን ክንፍ የውጪ አየርና ኤግዞስት ክፈቱ፣ ወለሉ ታጥቦ ሽታው ሲያልቅ ዝጉትና ዋክሱን ኤሲ ባለበት ቀቡት፣ እርጥበት ባለበት ክፍል የሁለተኛው ሽፋን መድረቂያ ሰአት በጣም ይረዝማል።