ለቱርኩ ገዢ ብለሽ የእንግሊዝኛ ኮርስ አትግቢ

እህቴ፣ «የሽመና ሥራዬን ወደ ኢስታንቡል ልልክ ነው፤ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ኮርስ ልግባ ወይስ ደብዳቤዬን ትርጉም ቤት ላስጽፍ?» ላልሽው፦ ሁለቱንም ተይው። እኔም ከዚሁ ከባሕር ዳር ለአንድ ጣሊያናዊ የአንገት ልብስ እልካለሁ።

1. ገዢሽም እንግሊዝኛን እንደ አንቺ ክፍል ቁጭ ብሎ ነው የተማረው። ዣን ፖል ኔሪየር የተባለ የአይቢኤም ኃላፊ የነበረ ፈረንሳዊ፣ ጃፓኖችና ኮሪያውያን ከእንግሊዞቹ ይልቅ ከእሱ ጋር በቀላሉ ሲግባቡ አይቶ «ግሎቢሽ» ያለውን በ1500 ቃላት የሚያልቅ እንግሊዝኛ አዘጋጀ። ካላመንሽኝ ወደብ ወርደሽ የዘጌ ጀልባ ነጂዎችን ስሚ። ዋጋ፣ ሰዓት፣ ስንት ገዳም፤ አለቀ። ከየአገሩ የመጣው ቱሪስት ሁሉ ይገባዋል።

2. አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጉዳይ። ዋጋው ለብቻ፣ ብዛቱ ለብቻ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ለብቻ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ስሙን የማልጠራው ትርጉም ቤት የሚያስከፍለው በገጽ ስለሆነ ገጽ ያበዛል። አምስት መስመር ሰጥቼው ሁለት ገጽ መለሰልኝ፣ ግማሹ ሰላምታና ምስጋና። «የአውሮፕላኑን አንተ ትከፍላለህ» ያልኩት በትሕትና ተሸፋፍኖ፣ ጣሊያኑ እኔ የምከፍል መስሎት ተስማማ። ስንጨቃጨቅ ዕቃው አዲስ አበባ ካርጎ መጋዘን ተቀመጠ፤ ኪራዩም ጭነቱም ከኔ ኪስ ወጣ። ትርጉም ቤቱ ላማርር ብሄድ እዚያ የምትሠራው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «እንግሊዝኛው ትክክል ነው» አለችኝ። ትክክልማ ነበር! የሚያናድደውም እሱ ነው።

3. ጭነቱን ማን እንደሚከፍል ለመናገር ደግሞ ድርሰት አያስፈልግም ኖሯል። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያወጣቸው ባለ ሦስት ፊደል ቃላት አሉ። በጅቡቲ በመርከብ ከሆነ ኤፍ ኦ ቢ (FOB)፣ በአውሮፕላን ከሆነ ኤፍ ሲ ኤ (FCA) በይና የምታስረክቢበትን ቦታ ከጎኑ ጻፊ። ዋናውን ጭነት ገዢው ይከፍላል ማለት ነው፤ ትራንዚተርሽም ያውቀዋል።

4. ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወሩን በስሙ እንጂ በቁጥር አትጻፊ። ከኢስታንቡል ጋር የሰዓት ልዩነት የለንም፤ ግን የኛ ጠዋት 3 ሰዓት እነሱ ዘንድ 9 ነው፤ ቀጠሮ ስትይዢ 9 በይ።

አሁን ደብዳቤዬን ራሴ ነው የምጽፈው፤ ከስድስት መስመር አይበልጥም፤ ጣሊያኑም ዘንድሮ እንደገና አዟል። አንቺም የመጀመሪያውን ከመላክሽ በፊት ዋጋውን ደብቀሽ እዚሁ ለጥፊው፣ የሚቆረጠውን እነግርሻለሁ።