ነፍሰ ጡር ሠራተኛ፦ ከሌሊት ፈረቃ እስከ ሐኪም ወረቀት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከጎጃም የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች በግል ድርጅት የሚሠሩ ስለሆኑ መልሶቹ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለምትተዳደር የራሷን መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል በሦስት ፈረቃ እሠራለሁ። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ጓደኞቼ «ሆድሽ እስኪታይ ዝም በይ» ይሉኛል። የሌሊቱ ፈረቃ ግን እየከበደኝ ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጓደኞችዎ የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምክሩ ግን ለእርስዎ አይበጅም። የአዋጁ አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ የትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። «ከአምስተኛ ወር ጀምሮ» የሚል ገደብ የለውም። ነገር ግን ያላወቀ አሠሪ ፈረቃ አይቀይርልዎትም። ነገ ቢያሰናብትዎትም «እርጉዝ መሆኗን መቼ ነገረችኝ?» የሚለውን መከላከያ ራስዎ አስታጠቁት ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነና የሚወልዱበት የተገመተ ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለው ማስረጃ ይውሰዱ። ከዚያ አጭር ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ይጻፉ፦ ነፍሰ ጡር መሆንዎን፣ ማስረጃ ማያያዝዎን፣ በአንቀጽ 87 መሠረት ከሌሊት ፈረቃና ከትርፍ ሰዓት እንዲወጡ መጠየቅዎን፣ ቀንና ፊርማ። ሌላ ሐተታ አያስፈልገውም። አንዱን መዝገብ ቤት ይስጡ፤ በሌላው ላይ «ደርሶናል» አስብለው ያስፈርሙበት። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄደው በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ደብዳቤ) ይላኩትና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ለፈረቃ ኃላፊው በቃል ነግሮ መተው በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው፤ ኃላፊው ሲቀየር ነገሩም አብሮ ይጠፋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

የቀን ፈረቃ ማግኘት ግን የሽመና ክፍሉን ጉዳት አያስቀርም። ጩኸቱን ያስቡ፦ የጆሮ መድፈኛ እናቲቱን እንጂ ጽንሱን አይከላከልም። ጽንሱ ደግሞ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ መስማት ይጀምራል። ስምንት ሰዓት ቆሞ መዋልና የክፍሉ ሙቀትም አሉ። ሥራው ለእናት ወይም ለጽንስ ጎጂ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ አሠሪው ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ግዴታ አለበት። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ላይ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ተብሎ ሲቀር ነው፤ ቀላሉ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ፎርማኑ ይሆናል። ሐኪሙ ፋብሪካውን አላየውም። ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ፣ ስንት ኪሎ እንደሚያነሡ፣ ምን ኬሚካል እንዳለ ይንገሩትና «ከሽመና ክፍል ውጭ፣ ተቀምጣ የምትሠራው» ብሎ በዝርዝር እንዲጽፍ ይጠይቁት።

ለእርግዝና ክትትል የሚሄዱበት ቀን በአንቀጽ 88 መሠረት ከደመወዝ አይቆረጥም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ክትትል ስምንት ጊዜ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አሠሪው ማስረጃ መጠየቅ ስለሚችል በየቀጠሮው፣ በዚያው ዕለት፣ የመጡበትን ያጽፉ። ከወር በኋላ ተመልሶ ማጻፍ አድካሚ ነው።

ጥያቄ፦ አበባ እርሻ ግሪን ሃውስ ውስጥ ቆራጭ ነኝ። መድኃኒት የሚረጩት ወንዶች ናቸው፤ እኛ የምንገባው ከተረጨ በኋላ ነው። እኔንም ይጎዳኛል? (ከባሕር ዳር ዙሪያ)

መልስ፦ አዎ፣ ሊጎዳዎት ይችላል። ቅጠል ላይ የቀረው መድኃኒት በእጅና በክንድ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ቅጠሉ እርጥብ ሲሆን ይብሳል። በእያንዳንዱ መድኃኒት ዕቃ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት መግባት እንደማይቻል ተጽፏል፤ እንደ ዓይነቱ 12፣ 24 ወይም 48 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ግሪን ሃውሱ በር ላይ የተረጨበትና መግባት የሚቻልበት ሰዓት መለጠፍ አለበት። ካልተለጠፈ ይጠይቁ። የዕቃውን የታችኛውን ቀለምም ይዩ፦ ቀይ መስመር በጣም መርዛማውን ያመለክታል፤ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እያሉ ይቀንሳሉ። አረንጓዴ ማለት ግን «ለነፍሰ ጡር ምንም አይል» ማለት አይደለም።

ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ቦት ጫማ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሆኖም ለነፍሰ ጡር የእኛ ምክር ከግሪን ሃውስ መውጣት ነው። የጽንሱ አካላት የሚሠሩት ከፀነሱበት ቀን ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት እርጉዝ መሆኗን ለሰው ሳትናገር የምታሳልፈው ጊዜ ማለት ነው። ቶሎ ይናገሩ የምንለውም ለዚህ ነው።

ወዴት ይዛወሩ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማሸጊያ ክፍል ነው። አበባው ከነመድኃኒቱ እንደሚደርስና አንዳንድ ቦታ እዚያው የሻጋታ መከላከያ ውስጥ እንደሚነከር ግን አይዘንጉ። ልብስ እጥበት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ የረጪዎች ቱታ የሚታጠበው እዚያ ነው። ካርቶን ማዘጋጀት፣ ምዝገባ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት (የመድኃኒቱ ግምጃ ቤት ሳይሆን) ይሻላል። የሥራ ልብስዎን ቤት ይዘው አይግቡ፤ ግድ ከሆነ ከሕፃናት ልብስ ለይተው ይጠቡት። ራስ ምታት፣ የምራቅና የላብ መብዛት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ትውከት ከታየብዎት የመድኃኒቱን ስም ይዘው ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስሙን ማወቅ ለሐኪሙ ብዙ ነገር ያቀልለታል።

ጥያቄ፦ በምግብ ማቀነባበሪያ ሦስት ሦስት ወር እያስፈረሙን ሁለት ዓመት ሠራሁ። እርግዝናዬ አምስት ወር ሲሆነው «ውልሽ አልቋል» ብለው አሰናበቱኝ። የምከራከርበት አለኝ? (ከቡሬ)

መልስ፦ አለዎት፤ ጊዜ ግን አያባክኑ። በአንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል በመርሕ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የጊዜ ገደብ ያለው ውል የሚፈቀደው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ፈቃድ የወጣን ሰው ለመተካት ወይም ወቅታዊ ለሆነ ሥራ። ስለዚህ የሚታየው የፈረሙት ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው። አሠሪው «ምርቱ ወቅታዊ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ለዚህ ዋናው መልስ ክረምት ከበጋ መሥራትዎን ማሳየት ነው። ደመወዝዎ በባንክ ይገባ ከነበረ የሁለት ዓመቱን መግለጫ ያስወጡ። የድሮ ውሎች፣ ባጅና አብረው የሠሩ ምስክሮችም ይጠቅማሉ።

እርግዝና በአንቀጽ 26 መሠረት ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። በአንቀጽ 87 መሠረትም በእርግዝና ጊዜና ከወለዱ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው ውሉን ማቋረጥ አይችልም፤ ልዩ ሁኔታው ከእርግዝናውና ከወሊዱ ጋር ያልተያያዘ፣ እንደ ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ያለ በሕጉ የተቀመጠ ምክንያት ሲኖር ነው።

ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ከስንብት ለሚመነጩ ክፍያዎች በ6 ወር ውስጥ። ሽምግልና መቀመጥ የአገራችን ወግ ነው፣ አንቃወምም። ነገር ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ሦስቱ ወር ያልፍና መዝገቡ «በይርጋ ታግዷል» (የክስ ጊዜው አልፏል) ተብሎ ይዘጋል። ክሱን ያስገቡና ሽምግልናው ይቀጥል። ለሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አትከፍልም። መመለስ ካልፈለጉ ካሣው የ180 ቀን አማካይ ደመወዝ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይጨመርበታል። «ምንም የምጠይቀው የለኝም» የሚል ክሊራንስ ላይ ግን አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ ሆቴል አለኝ። ወጥ ቤት የምትሠራ ሠራተኛዬ ልትወልድ ነው። እሷንም ተኪዋንም መክፈል አለብኝ? ቀኑስ እንዴት ይቆጠራል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አዎ፣ ይከፍላሉ። ከመውለጃዋ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ አላት። ክፍያው በሙሉ ከአሠሪው ኪስ መውጣቱ ለአነስተኛ ድርጅት ከባድ መሆኑ አይካድም። የዓመት ፈቃዷን ከዚህ ላይ መቀነስ ግን አይቻልም። ተኪዋን በአንቀጽ 10 መሠረት «ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛን ለመተካት» ብለው ምክንያቱን ውሉ ላይ ጽፈው ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር ይችላሉ።

ተከታታይ ቀን ማለት እሑድና በዓል ይቆጠራሉ ማለት ነው። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተገመተው ቀን ሚያዝያ 20 ከሆነ ፈቃዷ መጋቢት 20 ይጀምራል። ሰው የሚሳሳተው በጳጉሜን ነው። ሐምሌ 10 የወለደች ሴት 90 ቀኗ የሚሞላው ጥቅምት 10 ሳይሆን፣ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት፣ ጥቅምት 5 ነው። ከተገመተው ቀን ቀድማ ብትወልድም 90ው ቀን የሚቆጠረው ከወለደችበት ጀምሮ ነው።

ጥያቄ፦ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ የሕጉ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና ሲወልዱ የሚሆነውን አሁኑኑ በሁለት ምስክር ፊት በጽሑፍ ይስማሙ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የቀን ሠራተኛ ናት፤ ግንባታ ላይ ሲሚንቶና አሸዋ ትሸከማለች። አራተኛ ወሯ ነው። እስከ ስንት ኪሎ ብትይዝ ችግር የለውም? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ ፈጽሞ አይሆንም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ያወጡት መመሪያ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ አልፎ አልፎ ለሚነሣ ዕቃ እስከ 16 ኪሎ፣ በሁለተኛው አጋማሽ እስከ 12 ኪሎ ይፈቅዳል፤ ያውም ዕቃው ወደ ሰውነት ተጠግቶ ሲያዝ። ቀኑን ሙሉ ለሚደጋገም ማንሣት ወደ 8 እና 6 ኪሎ ይወርዳል። ከመሬት ጎንበስ ብሎ ማንሣትና ከራስ በላይ መስቀል የለም። ቤት ውስጥም ልብ ይበሉ፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ውኃውን እርስዎ ይቅዱ።

የቀን ሠራተኛ መሆኗና ውሏ የቃል መሆኑ መብቷን አያስቀርም። ግንባታው ላይ ውኃ ማጠጣት፣ ዕቃ መመዝገብ ወይም ሚስማር መለየት የመሰለ ሥራ አይጠፋም። ካሠሪው ጋር ካልተስማማችሁ የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ዘንድ ያመልክቱ። ደም ከታየ፣ ውኃ ከፈሰሰ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣባት፣ በኋለኞቹ ወራትም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ቀኑ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት። እርስዎም ተቀጣሪ ከሆኑ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀን ከነሙሉ ደመወዙ ፈቃድ አለዎት፤ ቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።