አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ቶሎ አታፍርሱት

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። የገጠር ቁምስና (አጥቢያ) በምእመናን ጉልበት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ይችላል ወይ? ደግሞስ የጠበባችሁ አሮጌው አሁኑኑ ይፍረስ ወይ? ለመጀመሪያው መልሴ አዎ ነው። ለሁለተኛው ግን ቆይ እልሃለሁ።

የምኖረው ማልታ ነው። እዚህ ሞስታ የሚባል ቦታ በፍልሰታ ለማርያም ስም የተሠራ ትልቅ ክብ ቤተ ክርስቲያን አለ። የጉልላቱ ስፋት ከውስጥ 37 ሜትር ገደማ ነው። ሞስታ ያኔ መንደር ነበረች። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1833 መሠረት ሲጥል አሮጌውን አልነካውም። አዲሱን ግድግዳ ዙሪያውን አቁሞ አሮጌውን መሃል ላይ ተወው። ሥራው 27 ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚቀደሰው አሮጌው ውስጥ ነበር። አሮጌው የፈረሰው የአዲሱ ጉልላት ከተከደነ በኋላ ነው።

ጉልበቱ ደግሞ የመንደሩ ሰው ነበር። እሁድና በዓል እየወጡ ይሠሩ ነበር። (በሰንበት? ብለህ እንዳትደነግጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው።) በእኛ ደቦ በለው። ችግር አልገጠማቸውም ማለት ግን አይደለም። ንድፉ የተወሰደው ከሮማ ፓንተዮን ስለሆነ፣ የማልታው ጳጳስ ራሳቸው የአረማውያን ቤተ መቅደስ ለምን እንኮርጃለን ብለው ተቃውመው ነበር።

ጎብኚው ሁሉ የሚያወራው በ1942 ጉልላቱን በስቶ ገብቶ ሳይፈነዳ ስለቀረው የጀርመን ቦምብ ነው። ሰው ቅዳሴ እየጠበቀ ነበርና ተአምር ቢሉት አይፈረድባቸውም። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ያ የ27 ዓመት ትዕግሥት ነው።

እዚሁ ማልታ፣ ጎዞ ደሴት ላይ ያለችው ሸውኪያ የምትባል መንደርም ከመቶ ዓመት በኋላ ይህንኑ ደገመችው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው፣ በአሮጌው ዙሪያ ገንብተው፣ ሲያልቅ የአሮጌውን ጥርብ ድንጋዮች ከአዲሱ ጎን ባለ ክፍል አኖሯቸው።

አገር ቤት ያለው የእኛ ቁምስና ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ኮሚቴው ገንዘቡ ሳይሞላ አሮጌውን አፈረሰ። ብረትና ሲሚንቶ ናረ። ስንት ክረምት ሸራ ሥር ተቀደሰ! አረጋውያኑ በዝናቡ መምጣት አቆሙ፤ መዋጮውም አብሮ ቀዘቀዘ። ሰው የሚያዋጣው ሲሰበሰብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ደቦ ድንጋይና አሸዋ ያመላልሳል፤ ጣሪያና ዓምድ የባለሙያ ሥራ ነው። እዚያ ላይ አትቆጥቡ። የአሮጌው ግድግዳ ጭቃ ከሆነ፣ አጠገቡ መሠረት ስትቆፍሩ እንዳይናድባችሁ መሐንዲስ ይየው። ዙሪያውን መገንባት ካልተቻለም ጎኑ ላይ ሥሩ። ግቢያችሁ ምን ያህል ሰፊ ነው? አሮጌውስ ድንጋይ ነው ጭቃ? እሱን ንገረኝና እንቀጥላለን።