የገና የቤተሰብ ፎቶ በስልክ፣ እቤት
እህቴ፣ ስቱዲዮ ሳንሄድ የገናን የቤተሰብ ፎቶ እቤት በስልክ እንዴት እንነሳ ላልሽው፣ መጀመሪያ አምፖሉን አጥፊና መጋረጃውን ግለጪ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀል ፊት ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዙር።

ታኅሣሥ 29 ጠዋት ሁሉም ሰው ነጭ ስለሚለብስ ሌላ ጣጣ አለ፤ ነጩ ከልክ በላይ ይበራና የቀሚሱ ጥበብ ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ ነጠላውን ነካ አድርገሽ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ፊት እስኪጠቁር ግን አይደለም።

ተሰልፎ "ፈገግ በሉ" የሚባለው ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም፣ ሰዉ ሁሉ ለመታወቂያ የሚነሳ ነው የሚመስለው። ይልቅ ሥራ ስጫቸው። አባት ድፎውን ባርከው ሲቆርሱ፣ ልጆቹ ቄጠማው ላይ ተቀምጠው ቁራሹን ሲሻሙ፣ እማማ ቡና ሲቀዱ ከጎን አንሺ። የዕጣን ጭስ እንዲታይ ከፈለግሽ ግን ለዚያች ፎቶ ብቻ መስኮቱ ከጭሱ ኋላ ይሁን።

አንቺም እንዳትቀሪ፣ ስልኩን ብፌ ላይ በብርጭቆ ደግፈሽ ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጊው። ካሜራውንም በጨርቅ ጥረጊው፣ ዶሮ ወጥ ስትሠሪ ስትነካኪው የነበረ ስልክ ነው እኮ!