ብሮድካስቱ በየትኛው በር ወጣ? ብዙ ኔትወርክ ካርድ ላላቸው ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋትና የተበላሸውን መጠገን ነው። ስለ ብሮድካስት (አንድ ኮምፒውተር በኔትወርኩ ላሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚልከው መልእክት) የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች ሲገላለጡ ብዙዎቹ አንድ ናቸው፦ ፒንግ (ሌላው ኮምፒውተር መድረሱን የሚሞክር ትእዛዝ) ይመልሳል፣ ኢንተርኔት አለ፣ ኮምፒውተሮቹ ግን አይተያዩም።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ትንሽ ጌም ቤት አለኝ። ስድስት ኮምፒውተር በአንድ ስዊች ተያይዟል። አምስቱ ጨዋታ ሲከፈት ይተያያሉ። በስድስተኛው የተከፈተውን ግን ማንም አያየውም። ኬብል ቀየርኩ፣ ፋየርዎል አጠፋሁ፣ ወይ ፍንክች። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ እስቲ የስድስተኛውን ኔትወርክ ካርዶች ቁጠራቸው። ከአንድ በላይ እንደምታገኝ እገምታለሁ። ዋይፋይ፣ ቪፒኤን፣ ቨርችዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም)፣ ሁሉም እንደ ካርድ ይቆጠራሉ።

የድሮ ጌሞች «እዚህ ነኝ» የሚለውን መልእክት ወደ 255.255.255.255 ይልካሉ። አድራሻው «ለሁሉም» ስለሚባል ብዙ ሰው በሁሉም ካርድ የሚወጣ ይመስለዋል። አይወጣም። ዊንዶውስ ራውቲንግ ቴብሉን (የመንገድ ዝርዝሩን) አይቶ ሜትሪኩ (የቅድሚያ ቁጥሩ፤ ያነሰው ይቀድማል) ዝቅ ያለውን አንድ ካርድ ይመርጣል። በዚያ ብቻ ይልካል።

አንድ ቤት ልክ የአንተ ዓይነት ችግር ገጥሞኝ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ ዋየርሻርክ (በካርዱ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፈትኩ። የኬብሉን ካርድ ሳዳምጥ ጭር ብሏል። የቨርችዋልቦክሱን ካርድ ስከፍት ፓኬቱ (የመልእክቱ ጥቅል) ይዥጎደጎዳል። የላኪው አድራሻ 192.168.56.1 ይላል፤ ቨርችዋልቦክስ ለራሱ ካርድ የሚሰጠው የተለመደ አድራሻ ነው። ጌሙ ያን ሁሉ ጊዜ ሲጣራ የነበረው ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ነበር።

አንተም ሲኤምዲ ከፍተህ «ራውት ፕሪንት» በል። 255.255.255.255 የሚሉትን መስመሮች ፈልግ። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ መስመር አለ። ሁለቱም 281 ቢሉህ አትገረም። 256 ላይ የካርዱ 25 ተደምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 ዋይፋይ ሳይሆን አንድ ጊጋቢት ነኝ ላለው ካርድ 25 ይሰጣል። የቨርችዋልቦክሱም ካርድ ጊጋቢት ነኝ ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የማትጠቀምበትን ካርድ ዲሴብል አድርገው። የምትጠቀምበት ከሆነ ደግሞ ወደ ኬብሉ ካርድ ፕሮፐርቲስ ግባ። አይፒ ቨርዥን 4ን፣ ከዚያ አድቫንስድን ክፈት። «አውቶማቲክ ሜትሪክ» ላይ ያለውን ምልክት አንሳና 5 ጻፍ። መስመሩ 261 ሲሆን ታያለህ። ጌሙን ዘግተህ ክፈተው።

ጥያቄ፦ በዋይፋይ ኢንተርኔት፣ በኬብል ጌም ነው የምጠቀመው። የኬብሉን ሜትሪክ ዝቅ ሳደርግ ኢንተርኔቴ አይጠፋም?

መልስ፦ የኬብሉ ካርድ ላይ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣውን የራውተር አድራሻ) ካልሞላህ አይጠፋም። ኢንተርኔት የሚሄደው ጌትዌይ ባለው በኩል ነው። ሁለቱም ላይ ጌትዌይ ካለ ግን ኢንተርኔቱም ወደ ኬብሉ ይዞራል። ለጌም ብቻ በተዘረጋ ኬብል ላይ ጌትዌዩን ባዶ ተወው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የኔትወርክ ተማሪ ነኝ። ለሁሉም የተባለ ነገር ለምን በሁሉም ካርድ አይወጣም? ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው) ይህንኑ ያነሳል። ብዙ ካርድ ያለው ኮምፒውተር በሁሉም ይላክ ወይስ አይላክ የሚል ክርክር እንደነበረ ይናገርና፣ እኔ አቋም አልይዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመሰለውን አደረገ። ያኔ ቢወስኑልን ኖሮ ስንት ሰው ከስንት ድካም በዳነ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ጨብጥ። ብሮድካስት አዋጅ ነው፤ ግን «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚባልበት አዋጅ አይደለም። 255.255.255.255ን የሰማ ራውተር ለማንም አያሰማም። የአንድ ሰፈር አዋጅ እዚያው ሰፈር ይቀራል። በየትኛው በር እንደወጣ ይህን ያህል የሚያሳስበውም ለዚህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የሰብኔቱን (የኔትወርኩን ክፍል) የራሱን ብሮድካስት አድራሻ መጠቀም ትችላለህ። ለ192.168.10.0 በ24 ቢት ማስክ (የሰብኔቱን ስፋት በሚወስነው ቁጥር) 192.168.10.255 ነው። ይህ ግራ አያጋባም፤ ኮምፒውተሩ ያ ሰብኔት ባለበት ካርድ ያወጣዋል። ግን ሁልጊዜ 255 ላይ ያበቃል ብለህ አትሸምድድ። 192.168.10.0 በ25 ቢት ከሆነ ብሮድካስቱ 192.168.10.127 ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራመር ነኝ። ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ሊነክስ ላይ «ኔትወርክ ኢዝ አንሪቸብል» (ኔትወርኩ አይደረስም) ይለኛል። ዊንዶውስ ላይ ግን ይሠራል።

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ማሽን ዲፎልት ራውት (ሌላ መንገድ ሲታጣ የሚኬድበት መንገድ) የለውም ማለት ነው። ሊነክስ 255.255.255.255ንም እንደ ማንኛውም አድራሻ ራውቲንግ ቴብል ላይ ይፈልገዋል፤ ሲያጣው ይተወዋል። ለጊዜው በ«አይፒ ራውት አድ» አድራሻውን ለፈለግሽው ካርድ ብትሰጪው ይሠራል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለሽ ደግሞ ሶኬቱ (ፕሮግራምሽ የሚልክበትና የሚቀበልበት መስመር) ላይ የብሮድካስት ፈቃዱን አላበራሽም።

ትክክለኛው ሥራ ግን ኮዱ ውስጥ ነው። ካርዶቹን በሙሉ ዘርዝሪ። ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ሶኬት ክፈቺና ከካርዱ አድራሻ ጋር ባይንድ አድርጊው (እሰሪው)። ከዚያ በእያንዳንዱ ላኪ። ተጠቃሚሽ ሜትሪክ እንዲነካካ አታስገድጂው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሊነክስ ላይ ከካርዱ አድራሻ ጋር ባይንድ የሆነ ሶኬት የሚመጣ ብሮድካስት አይሰማም። ዊንዶውስ ላይ ይሰማል። ለማዳመጫ የብቻው ሶኬት በ0.0.0.0 (በሁሉም አድራሻ) ክፈቺ። ይህን ሳላውቅ ሁለት ሌሊት አድሬበታለሁ።

ጥያቄ፦ የሌላ ሕንፃ ኮምፒውተሮችን በዌክ ኦን ላን (የጠፋ ኮምፒውተርን በኔትወርክ ማብሪያ ዘዴ) ማስነሳት ፈልጌ ወደ 192.168.20.255 ብልክ አልነሱም።

መልስ፦ መሀል ያለው ራውተር አስቀርቶብህ ነው። ድሮ ራውተሮች ይህን ያሳልፉ ነበር። ስመርፍ የሚባለው ጥቃት (ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ላይ እንዲመልስ አድርጎ ተጎጂውን በመልስ የሚያጥለቀልቅ) በዚሁ ቀዳዳ ስለገባ በ1999 የወጣው አርኤፍሲ 2644 ከመነሻው ዝግ እንዲሆን አዘዘ። ራውተሩን ክፈተው አልልህም። እዚያ ሕንፃ ሁልጊዜ የሚበራ አንድ ማሽን ካለ በርቀት ግባበትና ፓኬቱን ከእሱ ላክ። 102 ባይት ብቻ ናት።

ጥያቄ፦ እኔ ዲሲ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ። በዋየርጋርድ (የቪፒኤን ፕሮግራም) ተገናኝተን ፒንግ ይመልሳል፣ የላን (የአንድ ቤት ኔትወርክ) ጌሙ ግን አይታይም። ሜትሪኩንም ዝቅ አድርጌዋለሁ።

መልስ፦ ሜትሪኩ አይጠቅምህም። ዋየርጋርድ የሚያሻግረው ከላን በላይ ያለውን የአይፒ ፓኬት እንጂ ላኑን ራሱን አይደለም፤ ብሮድካስት አይሻገርም። ጌሙ አይፒ ጽፎ መግባት የሚፈቅድ ከሆነ የወንድምህን አድራሻ ጻፍ። ካልፈቀደ በኦፕንቪፒኤን ታፕ ሞድ ወይም በዜሮቲየር ሞክሩ፤ ሁለቱም ብሮድካስት ያሻግራሉ። ያኔ ግን የሜትሪኩ ነገር ይመለሳል፣ እሱን አትርሳ።

ጥያቄ፦ ፍጥነት ይጨምራል ብዬ ዋይፋይም ኬብልም ከአንድ ራውተር ጋር አገናኘሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ፍጥነት አይጨምርም። ሁለት ካርድ አንድ ሰብኔት ላይ ሲሆኑ የውጭው ብሮድካስት ሁለት ጊዜ ይገባልሃል፤ አንዳንድ ፕሮግራም አንዱን ዕቃ ሁለት አድርጎ ይዘረዝራል። ኬብሉ ካለ ዋይፋዩን አጥፋው።

ጥያቄ፦ አይፒ ቨርዥን 6 ላይስ?

መልስ፦ እዚያ ብሮድካስት የሚባል የለም፤ በመልቲካስት (ለተመዘገቡ ብቻ በሚላክ መልእክት) ተተክቷል። ያም ሆኖ በላን ውስጥ ለሚቀረው መልቲካስት የካርዱን ቁጥር ራስህ መንገር አለብህ።