የኪስ ሰንጢ ነገር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው እትም በኪሴ ስለምይዛት ቀይ ሰንጢ ትንሽ ጫር ጫር አድርጌ ነበር። ደብዳቤ ጎረፈ። ለማታውቁኝ፣ ሙያዬ የጽሕፈት መኪናና የስፌት ማሽን ጥገና ነው። ሰንጢም እሰበስባለሁ፤ ግን ለቁም ሳጥን አይደለም። የማልሠራበትን ለሚሠራበት ሰው እሰጣለሁ። ስለዚህ መልሴ ወደ ሠራተኛ ኪስ ያደላል፣ ከወዲሁ ይታወቅ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ሥራዬ ሶላርና ጄኔሬተር መግጠም ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለፋሲካ ይመጣል። «የስዊዝ ሰንጢ ላምጣልህ ወይስ ያንን ፒንሳ ያለውን ሌዘርማን?» እያለኝ ነው። ሁለቱንም የማውቃቸው በቪዲዮ ብቻ ነው። የቱን ልበለው?
(የሶላር ቴክኒሻን፣ ከአዳማ)

ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ መልስለት፤ ሌዘርማኑን ያምጣ።

የስዊዙ ሰንጢ፣ ያ ብዙ መሣሪያ አንድ ላይ የሚታጠፍበት፣ ዛሬ በቀይ ሽፋኑ የሚታወቀው፣ የተፈጠረው ለወታደር ነው። የስዊዝ ጦር በ1889 አዲስ ጠመንጃ ታጠቀ። ጠመንጃውን ለመፍታት ካቻቪቴ ያስፈልጋል፣ የቆርቆሮ ምግብም መክፈቻ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ሰንጢዎች የተሠሩት ጀርመን፣ ዞሊንገን ነበር። ከ1891 ጀምሮ ግን ኢባክ በምትባል የስዊዝ መንደር ካርል ኤልዝነር የሚባል ባለሙያ ማቅረብ ጀመረ። የዛሬው ቪክቶሪኖክስ የእሱ ድርጅት ነው። በ1897 ደግሞ ሁለተኛ ስለትና ቡሽ መክፈቻ የጨመረበትን የመኮንኖች ሰንጢ አስመዘገበ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሞላው ነው። አንዱ ሞላ በሆድም በጀርባም በኩል የሚወጡትን መሣሪያዎች ይይዛል። ሰንጢው ሳይወፍር ብዙ ዕቃ የተሸከመው በዚህ ዘዴ ነው።

የሌዘርማን ታሪክ ግን ካንተ ሥራ ጋር ይቀራረባል። ቲም ሌዘርማን የሚባል የኦሪገን ሰው በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት 600 አውሮፓን ይዞራል። መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ያረፉበት ሆቴል ቧንቧም ያንጠባጥባል። ኪሱ ውስጥ ሰንጢ አለው፣ ፒንሳ ግን የለውም። ፒንሳ ያለበት ሰንጢ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ዕቃው ገበያ ላይ የዋለው በ1983 ነው። ስምንት ዓመት ታገለ ማለት ነው።

አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስትልጥ፣ ዳዶ ስትይዝ፣ የተጣመመ ተርሚናል ስታቃና ነው የምትውለው። ይህ ያለ ፒንሳ አይሆንም። ዌቭ ፕላስ የሚባለውን ይፈልግልህ። ሽቦ መቁረጫው ሲዶለድም ተፈትቶ ይቀየራል። ድርጅቱ የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ፣ እጀታው እርቃን ብረት ነው። ጎማ የለውም። ኤሌክትሪክ ባለበት ሽቦ ላይ እንዳታሳርፈው። የሶላር ፓነል ፀሐይ እያየው «ዘግቼዋለሁ» ማለት እንደማያዋጣ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ሁለተኛ፣ በካቻቪቴው አትታለል። ፊት ለፊት ላለ ቪቴ ይሆናል። ጉድጓድ ውስጥ ለገባ ቪቴ ግን አይሆንም። የስፌት ማሽን ሆድ ውስጥ ያሉትን ለመፍታት ስሞክር ካቻቪቴው ገና ሳይደርስ ወፍራሙ እጀታ አፉ ላይ ይቆማል። ቢደርስ እንኳ ለማዞር ቦታ የለም። ረጅም ካቻቪቴህን ከቦርሳህ አታውጣ።

ክብደቱም ቀላል አይደለም። ዌቭ ፕላስ 241 ግራም ነው። ስፓርታን የሚባለው የስዊዝ ሰንጢ 60 ግራም አካባቢ ነው። ሌዘርማኑን ኪስህ ከከተትከው ሱሪህን ይጎትተዋል። ቀበቶህ ላይ አንጠልጥለው።

አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ ነበር የሠራው። ካረፈ በኋላ በዕቃው መካከል የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ አገኘሁ። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ እጅ ተቀርጿል፤ እጀታው ላይ 8 ቁጥር አለ። ብረቱ ጠቁሯል፣ አልከፈትም ብሎም ያስቸግራል። ወስጄ ላስወልውለው?
(የባቡር ሠራተኛ ልጅ)

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እባክዎ አያስወልውሉት!

የያዙት ኦፒኔል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሳቮዋ ከሚባለው ተራራማ አገር የመጣ የገበሬ ሰንጢ። በባቡሩ ምክንያት ድሬዳዋ የፈረንሳይ ዕቃ ያልገባበት ቤት ስላልነበረ እዚያ መገኘቱ አይገርምም። ዦዜፍ ኦፒኔል መሥራት የጀመረው በ1890 ነው። የተቀረጸው እጅ ሳን ዣን ደ ሞሪየን ከምትባል ከተማ አርማ የተወሰደ ነው፤ የመጥምቁ ዮሐንስ ጣቶች በካቴድራልዋ አሉ ተብሎ ይታመናል። ዘውዱ የሳቮዋ መሳፍንት ነው። 8 ቁጥር መጠኑን ያሳያል፤ የስለቱ ርዝመት 8.5 ሳንቲሜትር ነው። እስካሁን በብዛት የሚሸጠውም እሱ ነው።

አሁን ስለቱና እንጨቱ የሚገናኙበትን ቦታ ይዩ። የሚዞር የብረት ቀለበት አለ? ቀለበቱ የተጨመረው በ1955 ነው። ከሌለ ሰንጢው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው፤ ያኔ በደንብ ያስቀምጡት። ቀለበቱ ካለ ደግሞ ሰንጢውን አጥፈው ለመቆለፍ ይሞክሩ። የድሮው ቀለበት ስለቱን የሚቆልፈው ሲዘረጋ ብቻ ነው። ታጥፎም የሚቆለፈው ከ2000 ወዲህ የመጣ ነው። አባትዎ መቼ እንደገዙት በዚህ መገመት ይችላሉ።

ጥቁረቱን ይተዉት። ብዙ ካርቦን ያለው ብረት ብርቱካንና ሽንኩርት ሲቆርጥ ይጠቁራል፤ ያ ጥቁረት ብረቱን ከዝገት ያግዘዋል። የአባትዎ ምሳ ታሪክ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቀይ ዝገት ካዩ ግን ያንን ብቻ በዘይት በራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ያንሡ። አልከፈት ያለው እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ስላበጠ ነው። ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ ለጥቂት ቀናት ይተዉት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ይሰነጠቃል። የሳቮዋ ሰዎች ሲጠብቅባቸው የእጀታውን ጫፍ ጠንካራ እንጨት ላይ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ስለቱ ትንሽ ብቅ ይላል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ፈጽሞ የለም።

መርካቶ ቀይ ሰንጢ ገዛሁ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ማለልኝ። እንዴት ልወቅ?
(ተጠራጣሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መሐላውን ለሻጩ ተውለት። ትልቁን ስለት ዘርጋና ሥሩን አጉልተህ አንብብ፤ ቪክቶሪኖክስ የሚለው የድርጅቱ ስምና ስዊዘርላንድ ተቀርጾ መገኘት አለበት። መስቀሉ ያለው ክብ ውስጥ ሳይሆን ጋሻ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ሰንጢውን አጥፈህ ወደ መብራት አንሣው። በሞላውና በሽፋኑ መካከል ብርሃን ካለፈ አስመስሎ የተሠራ ነው። ስለቱን ስታጥፈው መጨረሻ ላይ ቀጭ ብሎ ሊገባ ይገባል፤ እየተልፈሰፈሰ ከገባ ተሸውደሃል። መቀሱን ደግሞ በስስ ላስቲክ ሞክረው። እውነተኛው ይቆርጣል፣ አስመስሎ የተሠራው ያጥፈዋል።

ዋጋውም ይናገራል። በአንድ ፓስታ ዋጋ ኦርጅናል የለም።

እኔና ጓደኞቼ ሰንጢ እንሰበስባለን። የትኛው ይበልጣል በሚል ሁሌ እንጨቃጨቃለን። አንዱ የብረቱን ስም ይጠራል፣ ሌላው የመሣሪያውን ብዛት ይቆጥራል። እርስዎ እንዴት ያወዳድራሉ?
(ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ብዛት መቁጠሩን ተዉ። ስዊስቻምፕ የሚባለው ሰንጢ 33 አገልግሎት አለው ይባላል። 185 ግራም ይመዝናል፤ ሲይዙት እንደ ሳሙና ነው። እኔም ጋ አለ፣ እንግዳ ሲመጣ አወጣዋለሁ። ሥራ ላይ ግን እጄ ወደ ቀጭኑ ይሄዳል። ለአንድ ሳምንት ሰንጢ ባወጣችሁ ቁጥር ለምን እንዳወጣችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ካርቶን፣ ጠርሙስ፣ ክር፣ የላላ የመነጽር ቪቴ ይሆናል ብዙው። ለመነጽሯ ቪቴ ቡሽ መክፈቻው ውስጥ የምትጠመዘዝ ቅንጣት ካቻቪቴ አለች፤ ለብቻዋ ትሸጣለች። ከዚህች ዕቃ የበለጠ ሰው ያስደሰትኩበት መሣሪያ የለኝም። ሽማግሌ ሁሉ መነጽሩን ይዞ ይመጣል።

የብረት ስም ጭቅጭቁም ግማሹ ከንቱ ነው። የቪክቶሪኖክስ ስለት ጥንካሬው ሮክዌል በሚባለው የብረት ጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ነው። ከሱ የሚጠነክር ብዙ አለ። ስለቱ ግን ስስ ነው፤ ካርቶን ውስጥ ሳይጣበቅ ያልፋል። ወፍራም ጀርባ ያለው ውድ ሰንጢ ቢሳልም ካርቶኑን ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። ለስላሳ ብረት ቶሎ ይዶለድማል፤ ቶሎም ይሳላል። ለገጠር ሰው ይሄ ጥቅም ነው።

ለማወዳደር ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ድንጋይ፣ በአንድ ማዕዘን ሳሉ። ካልሆነ የምታወዳድሩት ሰንጢውን ሳይሆን የሳለውን ሰው ነው። ከየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። ስለቱን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ግማሽ አጋድሙት፣ እንደገና ግማሽ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ፤ ደረሳችሁ።

ድንጋይ ከሌለ ስኒ አለ። ስኒውን ገልብጡት። ቂጡ ላይ ዙሪያውን ቀለም ያልነካው ሻካራ ቀለበት ታገኛላችሁ፤ በአውራ ጣት ሲዳስሱት ይታወቃል። ስለቱን ከሥር እስከ ጫፍ፣ ከስኒው ላይ ስስ ልጣጭ እንደምታነሡ አድርጋችሁ ጎትቱ። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። አትጫኑ። ጠርዙ ላይ በጣት የምትሰማ ቀጭን የብረት ጭረት ትወጣለች፤ እሷን ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አውርዷት። ከዚያ ጋዜጣ ቁረጡ። ወረቀቱ ሳይቀደድ ከተቆረጠ ጨርሳችኋል። እናታችሁ ስኒውን ሲያዩ ለሚሉት ኃላፊነት አልወስድም።

ፈተናው ላይ ደግሞ ያው ካርቶን፣ ያው የቃጫ ገመድ፣ ያው ቲማቲም ይሁን። ገመዱ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ቁጠሩ፤ ቲማቲሙ ላይ ስለቱ መንሸራተት ሲጀምር አቁሙ።

ለመሰብሰብ ብቻ ከሆነ ምክሬ ቬንገር ነው። ደለሞን በምትባል የስዊዝ ከተማ የነበረው ይህ ሰንጢ ሠሪ ድርጅት ከ1908 ጀምሮ የስዊዝ ጦርን ትእዛዝ ከቪክቶሪኖክስ ጋር እኩል ይካፈል ነበር። በ2005 ቪክቶሪኖክስ ጠቀለለውና በኋላ በቬንገር ስም ሰንጢ መሠራቱ ቀረ። የሁለቱን ቆርቆሮ መክፈቻ ጎን ለጎን ሞክሩ። የቪክቶሪኖክሱ ወደ ፊት፣ የቬንገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ የፊቱን እመርጣለሁ፤ ቬንገር ያላቸው ወዳጆቼ አይስማሙም።

ለንደን ነው የምኖረው። ኪሴ ውስጥ ሰንጢ ይዤ ብንቀሳቀስ ችግር አለው? አዲስ አበባ ስመጣስ?
(የአውቶቡስ ሾፌር)

ወንድሜ፣ እርስዎ ያሉበት አገር ሕጉ ጥብቅ ነው። በ1988 የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ ምክንያት በሕዝብ ቦታ መያዝ የሚፈቅደው የሚታጠፍ ሰንጢን ብቻ ነው፤ ያውም የስለቱ ጠርዝ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳንቲሜትር ካልበለጠ። ሲዘረጋ የሚቆለፍ ሰንጢ ደግሞ፣ ቢያጥርም፣ በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስፓርታን ያልፋል፤ ቀለበት ያለው ኦፒኔልና ዌቭ ግን አሳማኝ ምክንያት ይጠየቅባቸዋል። «ልማዴ ነው» ምክንያት አይሆንም።

ሲበሩ ለአየር መንገዱ በሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት እንጂ በእጅ ሻንጣ አይያዙ። የአሜሪካ ፍተሻ ስለታም ሰንጢ አያሳልፍም። እንግሊዝም ስለታም ሰንጢ በእጅ ሻንጣ አያሳልፍም፤ ትራንዚት ላይም ሊወሰድብዎት ይችላል። ከአዳማ የጻፈው ልጅ ወንድምም ይህን ያንብብ። አዲስ አበባ ደግሞ ባንክና ሆቴል በር ላይ ፍተሻ አለ። ጠባቂው ሲጠይቅ ቀድመው አውጥተው ይስጡ፤ ሲወጡ ይቀበላሉ። እኔ ወደ ቢሮዎች ስሄድ ቤት ትቼው ነው።

ቁርጥ ቤት በራሴ ሰንጢ ብበላ ነውር ነው? ከበላሁ በኋላስ የምግብ ዘይት ብቀባው?
(ሥጋ ወዳጅ፣ ከቢሾፍቱ)

ነውሩን ለጓደኞችህ ተወው፣ እኔ የምፈራው ለጣትህ ነው። ሥጋውን በጥርስህ ይዘህ ከከንፈርህ ሥር ስትቆርጥ የማይቆለፍ ሰንጢ ከታጠፈ የሚያርፈው ጣትህ ላይ ነው። በዚያ ላይ ደሙና ጮማው ማጠፊያው ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ሽታው ይነግርሃል።

ካደረግከው ደግሞ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ እየከፈትክ እየዘጋህ እጠበው። በደንብ አድርቀው። የምግብ ዘይት አትቀባ፤ ሲቆይ ሙጫ ይሆንና ሞላውን ይይዘዋል። ፋርማሲ የሚሸጠውን ፓራፊን ዘይት ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ጣል። የስፌት ማሽን ዘይት ለፒንሳው ጥሩ ነው፣ ምግብ ለሚነካ ስለት ግን አልጠቀምበትም። ለቁርጡ የቁርጥ ቤቱን ቢላዋ ጠይቅ፤ ይሰጡሃል፣ የተሳለም ነው።